ግማሽ ፍሪሲዮን

እሑድ ማለዳ ነው፤ ዱሉዝ ገና አልነቃችም፤
ሐይቁ ላይ የቆመች መርከብም መብራቷን አላጠፋችም።
ከተዘጋው የዕቃ መደብር ፊት፣ ሰፊ ባዶ ሜዳ፣
ጨው ያነጣው አስፋልት፣ የበረዶው ወር ዕዳ።
እኔ በቀኝ ወንበር፣ ግራ ጉልበቴ በፋሻ፤
አጥናፉ ከመሪው ኋላ፣ ያጣ መሸሻ።

ዓመቱን ሙሉ «አውቶማቲክ እንግዛ» ሲለኝ ነው የከረመ፤
«ይሄ መኪና እኮ ያረጀ ነው፤ የታመመ።»
አልሸጥም። በሱ ነው ሰባት በረዶ ያለፍኩት፣
ሌሊት ሌሊት ጋዜጣ በየደጁ የጣልኩት።
አንዴ ሌባ፣ በሩን ፈልቅቆ፣ ቁልፉን ሰብሮ ገብቶ፣
ሦስት ፔዳል ሲያይ ጊዜ ሄደ ጓንቱን ረስቶ።
(ጓንቱን አጥቤ ለበስኩት።)

አሁን ግን የፊታችን ሐሙስ ጉልበቴ ይከፈታል፤
ለስድስት ሳምንት ግራ እግሬ ከሥራ ይሰናበታል።
የሚነዳው ማን ነው? ሁለት ነን እኛ ቤት፤
አንዷ ጉልበት የላት፣ አንዱ የለው ድፍረት።
ቅዳሜ ሰበቡ መነጽር ነበር፤ ዓርብ ደግሞ ወገቡ፤
ዛሬ ከቁርስ በፊት ያዝኩት፣ ሳይነቃ ሰበቡ።

«ርገጥ» አልኩት። ረገጠ።
«አንደኛ አስገባ።» አስገባ።
«አሁን ቀስ እያልክ...» ሳልጨርስ ለቀቀ፤
መኪናው እንደ ፍየል ዘለለ፤ ሞተሩ ታነቀ።
ሰባት ጊዜ ጠፋ። እሱ ነው የቆጠረ፤
ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ኪሳራ ሳይጽፍ መቼ አደረ?
የወደቀ ድንች ጥብስ በአፏ አንጠልጥላ መጣችና፣
አንዲት የሐይቅ ወፍ ፊታችን ቆመች፤ አልፈራችም፤ ፍጥነታችንን መዝና።

ሲፈራ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ጆሮው ይቀላል፤
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር እንዲህ ብቻ ይጣላል።
እኔ ግን ጮህኩ። የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም፤
የአባቴ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ እንኳ አልተቀየረም።
መካኒክ ነበር፣ ድሬዳዋ፤ አፉ እንደ መፍቻ፤
ሁሉን በስድብ ነው ያስተማረኝ፤ ሳይሰድበኝ የዋለው አንድ ቀን ብቻ፤
ያን ቀን ዓይኔን በመሐረብ ሸፍኖ፣ በቆመ ላንድሮቨር ውስጥ፣
«አትይ» አለኝ፤ «ስሚ። ሞተሩ ራሱ ይነግርሻል ሲለወጥ።»

«ዓይንህን ጨፍን» አልኩት። «ክላቹስ?» አለኝ በስጋት።
«ፍሪሲዮን በለው፤ በክላች ስም አይሰማም ይሄ ብረት።»
እጁን በእጄ ሸፈንኩት፣ ካምቢዮው ላይ፤
ላቡ ቀዝቃዛ ነው። «አሁን ልቀቅ፤ ግማሽ ላይ
ስትደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ያው እሱ ነው፤
አትግፋው፣ አትተወው፤ እዚያው ያዘው።»

ያዘው።
ከወንበራችን ሥር የሆነ ነገር ነቃ፤
ጎማው ጨው እየፈጨ ሄደ፤ አንድም ዕቃ
ሳይንኳኳ። ወፏ ድንቹን ጥላ በረረች።

«ይበቃል» ልለው ስል፣ ራሱ ከሜዳው አወጣን፤
ያ ዳገት፣ ጣሪያ በጣሪያ ላይ የወጣበት፣ መሐሉ ላይ አቆመን፤
ከፊት ቀይ መብራት፤ ከኋላ አውቶቡስ፣ አፍንጫው የተጠጋ፤
ከአውቶቡሱ ኋላ ቁልቁል፤ ከቁልቁሉ ሥር ሐይቅ የሚያዛጋ።
አረንጓዴ በራ። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ተንሸራተትን።
ጸሎት ጀመርኩ፤ የትኛው እንደነበር አላውቅም።
ግማሹ ያዘ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ወጣን።

ያኔ ነው የነቃሁት፤ ፋሻ የለበሰ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ፣
የሌለ ፔዳል ስረግጥ ነበር፣ ሙሉ ጠዋት፣ ሕመሙን ችዬ።
አጥናፉ መንገዱን እያየ፣ ጆሮው አሁንም ቀልቶ፣
«እግርሽን አንሺው» አለኝ፤ «እኔ ረግጬዋለሁ።»

ቤት ስንደርስ፣ ደጃችን ላይ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ፍሬን ያዘ፤
መኪናው አንድ ጊዜ አስነጠሰና ፈዘዘ።
ቁልፉን አወጣ። ብዕሩን ከደረት ኪሱ ፈለገ።
«ስምንት» አለ።